ምዕራፍ 6፦ በድሆች ስም የሚወስነው ማን ነው?

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ አክሽን ኤጀንሲ የሚባሉ ከ1,000 በላይ የአካባቢ ድርጅቶች አሉ። ሥራቸው በአንድ ከተማ፣ ካውንቲ ወይም በጥቂት ካውንቲዎች ውስጥ ድህነትን መቀነስ ነው። የመብራትና የማሞቂያ ሂሳብ መክፈል ያቃተውን ይደግፋሉ፤ ለሕፃናት ቅድመ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ሥራ ፈላጊውን ያሠለጥናሉ፤ ከተከራየው ቤት ሊወጣ የደረሰን ቤተሰብ ይታደጋሉ። አብዛኞቹ ለትርፍ ያልቆሙ የግል ድርጅቶች ሲሆኑ የቀሩት የከተማ ወይም የካውንቲ መስተዳድር ክፍሎች ናቸው።

ምዕራፍ 4 የእነዚህን ድርጅቶች የገቢ ምንጭ፣ ምዕራፍ 5 ደግሞ የሚሰጡትን አገልግሎት አሳይቷል። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከሁለቱም ይቀድማል፦ ገንዘቡ በምን ላይ እንዲውል የሚወስነው ማን ነው? የሚወስነውንስ ማን ይቆጣጠረዋል? (በምዕራፉ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእድር የማይነሣ ጥያቄ

በእድር ውስጥ ይህ ጥያቄ መልስ አይቸግረውም። በየወሩ የሚያዋጣው፣ ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን የሚመርጠው፣ ሐዘን ሲደርስበትም ድንኳን የሚተከልለት ያው አንዱ እድርተኛ ነው። ሂሳቡ ቢዛባ በስብሰባ ተነሥቶ የሚጠይቀው ገንዘቡን ያዋጣው ጎረቤት ነው። ከፋይ፣ ወሳኝና ተጠቃሚ በአንድ ሰው ላይ ስለተገናኙ ቁጥጥሩ ከውስጥ ይመነጫል።

ድህነትን በሚዋጋ ድርጅት ግን ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከፋዩ የፌዴራሉ መንግሥት፣ ክፍለ ግዛቱ ወይም በጎ አድራጊ ነው። ሥራውን የሚሠራው ደመወዝተኛ ባለሙያ ነው። አገልግሎቱን የሚቀበለው ቤተሰብ ከፋዩን አያውቀውም፤ ባለሙያውንም አልቀጠረውም። አገልግሎቱ ባይስማማው መዋጮውን ሊከለክል አይችልም፤ ፊቱን ወደ ሌላ ድርጅት ላዙር ቢልም በአካባቢው ሌላ ላይኖር ይችላል።

እንዲህ ያለ ድርጅት ማንም ክፉ ሳያስብ ወደ ከፋዩ ያዘነብላል። ሪፖርቱ በጊዜው ይላካል፤ ቅጹ በትክክል ይሞላል፤ ደጅ የቆመው ሰው የሚቸገርበት ነገር ግን ሪፖርቱ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ስለዚህ እድር በተፈጥሮው ያገናኛቸውን ወገኖች በሕግ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ አስፈለገ። ጠረጴዛው ቦርድ ይባላል። የእነዚህ ድርጅቶች አመራር በሙሉ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ሥልጣን ያለው፣ ሀብትና ሙያ ያለው፣ ችግሩም ያለበት ወገን እኩል ተቀምጠው ካልወሰኑ ውሳኔው ከሦስቱ ወደ አንዱ ያጋድላል።

ሐሳቡ ሕግ እስኪሆን

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጥር 1964 ለኮንግረስ ባደረጉት ንግግር በድህነት ላይ ጦርነት አወጁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 20 የኢኮኖሚ ዕድል አዋጅን ፈረሙ። ሥራውን የሚመራ የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ተቋቋመና ሳርጀንት ሽራይቨር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። አዋጁ የአካባቢ ድርጅቶች ሲቋቋሙ የሚገለገሉባቸው ሰዎች በተቻለ መጠን ሁሉ እንዲሳተፉ ያዝዝ ነበር። “በተቻለ መጠን” ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን አልተናገረም።

ያ ክፍተት ወዲያው ጠብ ወለደ። በአንዳንድ ከተሞች ነዋሪዎች በድርጅቱ በኩል ተደራጅተው የከተማውን አስተዳደር መሞገት ጀመሩ። ከንቲባዎች በበኩላቸው የፌዴራል ገንዘብ እነርሱን አልፎ ተቃዋሚዎቻቸውን እያጠናከረ ነው ብለው አቤት አሉ። በቺካጎ ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው በማዘጋጃ ቤቱ ቁጥጥር ሥር አደረጉት። አንዱ ጋ ድሆች ያለ መንግሥት፣ ሌላው ጋ መንግሥት ያለ ድሆች ይወስን ነበር ማለት ነው።

ኮንግረስ ነገሩን በሁለት ማሻሻያ አስታረቀው። በ1966 በአልበርት ኩዊ ስም የሚጠራው ማሻሻያ ከቦርዱ መቀመጫ ቢያንስ ሲሶው የድሆች ተወካዮች እንዲሆን አዘዘ። በ1967 ደግሞ በኤዲት ግሪን ስም የሚጠራው ማሻሻያ ለሕዝብ ባለሥልጣናት ሲሶ ሰጠ፤ የቀረውንም ለንግድ፣ ለሠራተኛ ማኅበራት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለመሳሰሉት መደበ። ይኸው ማሻሻያ የአካባቢ መስተዳድሮች ከፈለጉ ድርጅቱን በራሳቸው ሥር እንዲያደርጉት ፈቅዶ ነበር፤ በዚህ ዕድል የተጠቀሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከንቲባዎቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ ካገኙ በኋላ ጠረጴዛውን ጠቅልሎ የመውሰድ ፍላጎታቸው ቀዝቅዞ ነበር።

በ1981 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ገንዘቡ በጥቅል ድጎማ መልክ ለክፍለ ግዛቶች መተላለፍ ጀመረ። ክፍለ ግዛቶቹም ከሚደርሳቸው ቢያንስ 90 በመቶውን ለአካባቢ ድርጅቶች ያከፋፍላሉ። መሥሪያ ቤቱ ቢጠፋም የሦስት ወገኑ ቦርድ አልጠፋም፤ በ1998 የተሻሻለው ሕግም አጽንቶ ይዞታል።

መቀመጫው እንዴት ይከፋፈላል?

አባላቱ 15 የሆኑ ቦርድ ይታሰብ። አምስቱ መቀመጫዎች በሥልጣን ላይ ያሉ የተመረጡ ባለሥልጣናት ወይም የእነርሱ ወኪሎች ናቸው፦ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ የካውንቲ ኮሚሽነር፣ ወይም ከንቲባው የወከሉት ሰው። የተመረጠ ባለሥልጣን በበቂ ቁጥር ካልተገኘ የተሾመ ባለሥልጣን ሊተካ ይችላል።

ቢያንስ ሌሎች አምስት መቀመጫዎች የድሆች ተወካዮች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ፤ ሕጉ ተወካዩ ራሱ ድሃ እንዲሆን አያስገድድም። የሚያስገድደው አመራረጡ ዴሞክራሲያዊ እንዲሆንና የተመረጠው ሰው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ቤተሰቦች በእርግጥ የሚወክል እንዲሆን ነው። አንድን የተለየ ሰፈር የሚወክል ከሆነ ደግሞ በዚያው ሰፈር መኖር አለበት። ምርጫው በየሰፈሩ በድምፅ፣ ወይም አባላቱ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ማኅበር፣ ለምሳሌ በተከራዮች ማኅበር በኩል፣ ሊካሄድ ይችላል። ዳይሬክተሩ የሚያውቀውንና የሚስማማውን ሰው ጠርቶ ቢያስቀምጥ ግን ምርጫ አይባልም።

የቀሩት መቀመጫዎች ከንግድ፣ ከኢንዱስትሪ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት፣ ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከትምህርት፣ ከሕግ አስከባሪዎችና ከመሳሰሉት ለሚመጡ ሰዎች ናቸው። በዚህ በኩል የባንክ ባለሙያ፣ ጠበቃ ወይም ቄስ ቢቀመጥ እያንዳንዱ ለድርጅቱ የሚያመጣው የተለየ ነገር አለ፦ ሂሳብ ማንበብ፣ ውል መመርመር፣ በምእመናን ዘንድ ያለ አመኔታ።

ድርጅቱ የመስተዳድር ክፍል ሲሆን አሠራሩ ትንሽ ይለያል። እንዲህ ያለው ድርጅት የሦስት ወገን ቦርድ ይኖረዋል ወይም ክፍለ ግዛቱ የወሰነውን ሌላ የተሳትፎ መንገድ ይከተላል። የመጨረሻው የበጀትና የቅጥር ሥልጣን ብዙ ጊዜ በመስተዳድሩ እጅ ስለሚቆይ የቦርዱ ድምፅ ወደ ምክር ያደላል።

ቦርድ ይመራል፤ ዳይሬክተር ያሠራል

ቦርዱ የሚቀጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዋና ዳይሬክተሩን። ሌሎቹን ሠራተኞች፣ መቶም ይሁኑ ሦስት መቶ፣ የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ዳይሬክተሩ ነው። ቦርዱ አቅጣጫ ይወስናል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ፖሊሲ ያወጣል፣ ውጤት ይጠይቃል። ዳይሬክተሩ ደግሞ ሥራውን ያደራጃል፣ ቦርዱ በፈቀደው ገንዘብ ያሠራል፣ የሆነውንም ሳይደብቅ ለቦርዱ ያቀርባል።

ድንበሩ በወረቀት ላይ ግልጽ ቢመስልም በኑሮ ውስጥ ይደበዝዛል። ለምሳሌ አንዲት እናት የማሞቂያ ድጋፍ ማመልከቻዋ ውድቅ ሆኖባት የቦርድ አባል የሆነውን ጎረቤቷን ከቤተ ክርስቲያን መውጫ ላይ አግኝታ አቤት አለችው እንበል። አባሉ ለማመልከቻ ክፍሉ ሠራተኛ ደውሎ “የእርሷን ጉዳይ ጨርስላት” ቢል ሦስት ነገር በአንዴ ያበላሻል፦ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሌላ ሰው ይበድላል፤ ሠራተኛውን በሁለት አለቃ መሀል ያስገባዋል፤ ዳይሬክተሩን ተጠያቂ የሚያደርግበትን አቅምም ያጣል። ማድረግ የሚገባው የይግባኙን መንገድ ማሳየት ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። እናቲቱ ውድቅ የሆነባት ፔይስታብ የሚባለውን የደመወዝ መግለጫ ማቅረብ ባለመቻሏ ከሆነ፣ በእጅ በሚከፈላት የጽዳት ሥራ ስለምትተዳደርም ወረቀቱ የማይኖራት ከሆነ፣ ችግሩ የአንድ ሰው አይደለም። በእጅ የሚከፈለው ሰው ሁሉ በዚያ ደጅ ይመለሳል። አባሉ ይህን በቦርድ ስብሰባ ቢያነሣ ጥያቄው የፖሊሲ ይሆናል፦ የፌዴራሉና የክፍለ ግዛቱ ደንብ እስከፈቀደ ድረስ ገቢን በሌላ ማስረጃ ማረጋገጥ ይቻላል ወይ? የአንዱን ሰው አቤቱታ ወደ ሁሉም ሰው ደንብ መለወጥ የቦርድ ሥራ ነው። ከባንክ የመጣው አባል ይህን ችግር ላያውቀው ይችላል፤ ከሰፈሩ የተመረጠው ግን ያውቀዋል። የሲሶው ጥቅም የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ከቦርዱ ጎን ሌላም የውሳኔ አካል ሊኖር ይችላል። በ1965 የተጀመረውን ሄድ ስታርት የተባለ የሕፃናት ፕሮግራም የሚያካሂዱ ድርጅቶች የፖሊሲ ምክር ቤት ይኖራቸዋል፤ የዚህ ምክር ቤት አብዛኞቹ አባላት ልጆቻቸው በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉ ወላጆች ናቸው። በተጨማሪም የ2007ቱ የሄድ ስታርት ሕግ በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ በሂሳብ፣ በቅድመ ትምህርትና በሕግ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች እንዲገኙ ይጠይቃል።

ሂሳብ ማንበብ

የቦርድ አባል ሂሳብ ሠራተኛ መሆን አይጠበቅበትም፤ መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል። በየስብሰባው የሚቀርበው የሂሳብ ሪፖርት በቀላሉ ሲታይ ሦስት ዓምድ ነው፦ የተፈቀደው፣ እስካሁን የወጣው፣ የቀረው።

የበጀት ዓመቱ በጥቅምት ይጀምራል እንበል፤ ስብሰባውም በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ ዓመቱ ተጋምሷል። የማሞቂያ ድጋፉ 85 በመቶ ወጥቷል። የቤት ጥገናው፣ ማለትም በመስኮትና በጣሪያ የሚያመልጠውን ሙቀት የሚያስቀረው ሥራ፣ 15 በመቶ ብቻ ወጥቷል። ለጀማሪ አባል የሚያስደነግጠው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ግን ክረምቱ አልፏል፤ የማሞቂያ ገንዘብ በብርዱ ወራት ማለቁ የሚጠበቅ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ በቀሩት ስድስት ወራት 85 በመቶውን መጨረስ ካልተቻለ ቤታቸው እንዲጠገን የሚጠብቁ ቤተሰቦች እያሉ ገንዘቡ ሳይሠራበት ሊቀር ይችላል። የሚነሣው ጥያቄ “ለምን ወጣ?” የሚለው ብቻ አይደለም፤ “ለምን አልወጣም?” የሚለውም ነው። ምናልባት የጥገና ባለሙያ አልተገኘም፤ ምናልባት ውሉ ዘግይቷል። መልሱ ከነመፍትሔው በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የውጭ ኦዲተር ሂሳቡን መርምሮ ውጤቱን ለቦርዱ ያቀርባል። ኦዲተሩ የሚሠራው ለቦርዱ ነው፤ ስለዚህ አባላቱ ዳይሬክተሩ በሌለበት የማነጋገር ዕድል ቢኖራቸው ይመረጣል።

ሦስት ግዴታዎች

በአሜሪካ የበጎ አድራጎት ሕግ የቦርድ አባል ሦስት ግዴታዎች አሉበት። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው፦ ሰነዱን አንብቦ መምጣት፣ ያልገባውን መጠየቅ፣ አስተዋይ ሰው በራሱ ጉዳይ የሚያደርገውን ያህል መጠንቀቅ። ሁለተኛው ታማኝነት ነው፦ የድርጅቱን ጥቅም ከራስ፣ ከዘመድና ከወከለው ተቋም ጥቅም ማስቀደም። ሦስተኛው ለዓላማው መገዛት ነው፦ ድርጅቱ ከተቋቋመበት ግብ፣ ከመተዳደሪያ ደንቡና ከሕግ አለመውጣት።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ታማኝነት ነው። ድርጅቱ ቢሮ ሊከራይ ሲፈልግ ሕንፃው የአንዱ አባል ወንድም ቢሆን ይህ የጥቅም ግጭት ነው። የጥቅም ግጭት መኖሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ የተዛመደ ነው። ነውሩ መደበቁ ነው። አባሉ ግንኙነቱን ይናገራል፤ ከውይይቱና ከድምፅ አሰጣጡ ይወጣል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል።

መመዘኛዎቹ

በጥር 2015 የፌዴራሉ ጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የድርጅቶቹን ብቃት የሚለካ የመመዘኛ ዝርዝር አወጣ። ለግል ድርጅቶች 58፣ ለመስተዳድር ክፍሎች 50 መመዘኛዎች ናቸው። ብዙዎቹ አመራርን የሚመለከቱ ሲሆኑ የግል ድርጅቶችን ከሚመለከቱት ጥቂቶቹ እነሆ፦

- አዲስ አባል በተቀመጠ በ6 ወር ውስጥ ስለ ድርጅቱ ገለጻ ያገኛል፤ አባላት በየ2 ዓመቱ ስለ ኃላፊነታቸው ይሠለጥናሉ።
- እያንዳንዱ አባል በየ2 ዓመቱ የጥቅም ግጭት ፖሊሲውን ይፈርማል።
- ጠበቃ በየ5 ዓመቱ መተዳደሪያ ደንቡን ይመረምራል።
- ቦርዱ በየዓመቱ የዋና ዳይሬክተሩን ሥራ ይገመግማል፤ ክፍያውንም መርምሮ ያጸድቃል።
- ዳይሬክተሩ ድንገት ቢታመም ወይም ቢለቅ ማን እንደሚተካ የሚያሳይ፣ ቦርዱ ያጸደቀው የጽሑፍ ዕቅድ ይኖራል።
- የአካባቢው የፍላጎት ጥናት በየ3 ዓመቱ፣ ስትራቴጂክ ዕቅዱ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል።

የመጨረሻው ነጥብ ከምዕራፍ 2 ጋር ይገናኛል። እዚያ እንደታየው የድህነት መለኪያ ቁጥር ስንት ሰው ድሃ እንደሆነ ይናገራል፤ ለምን ድሃ እንደሆነ ግን አይናገርም። የፍላጎት ጥናቱ ይህን ለመሙላት የቆጠራ ቁጥሮችን ከነዋሪዎች ቃል ጋር ያጣምራል። ቁጥሩ ሥራ አጥነት ከፍተኛ ነው ሲል፣ ነዋሪው “ሥራው አለ፤ የማታ ፈረቃ ሲያልቅ ግን አውቶቡስ የለም” ሊል ይችላል። አንዱ መልስ ወደ ሥልጠና፣ ሌላው ወደ ትራንስፖርት ይመራል። ጥናቱ ዕቅዱን ይወልዳል፤ ዕቅዱ ሥራውን፤ ሥራው ውጤቱን፤ የውጤቱ ግምገማ ደግሞ ቀጣዩን ጥናት። ቦርዱ በዚህ ዑደት መጨረሻ ላይ ብቻ ማኅተም የሚመታ ከሆነ አልመራም፤ ሕጉ ከማቀድ እስከ መገምገም በሙሉ እንዲሳተፍ ይጠይቃል።

ለስም የተቀመጠ ወንበር

ሦስቱ ሲሶዎች በወረቀት ተሟልተው በተግባር አንዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። በብዛት ባዶ የሚሆነው የድሆች ሲሶ ነው፤ ምክንያቱም ስንፍና ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው። ስብሰባው በሥራ ቀን በምሳ ሰዓት ከተጠራ ባንክ ውስጥ የሚሠራው አባል ደመወዙ ሳይነካ ይመጣል፤ በሰዓት የሚከፈለው ግን የዕለት ገቢውን ያጣል። 80 ገጽ ሰነድ በዋዜማው ቢላክ ጠበቃው ገልጦ ይረዳዋል፤ ሌላው ዝም ብሎ እጁን ያወጣል። ስብሰባውን ወደ ማታ ማዞር፣ ለትራንስፖርትና ለልጅ ጠባቂ የወጣውን መተካት፣ ሰነዱን በአንድ ገጽ አሳጥሮ ከሳምንት በፊት መላክ፣ አስተርጓሚ ማቅረብ፦ እነዚህ ወንበሩን ወደ ድምፅ የሚለውጡ እርምጃዎች ናቸው።

የባለሥልጣናቱ ሲሶም የራሱ ችግር አለው። ሥራ የሚበዛበት ባለሥልጣን ወኪሉን ይልካል፤ ወኪሉ ሌላ ወኪል ይልካል፤ ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ ያጣል። ስለዚህ ደንቡ ስንት ጊዜ የቀረ አባል ወንበሩን እንደሚለቅና የተጓደለው መቀመጫ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞላ በግልጽ መናገር አለበት።

አልተወከልኩም የሚል ማኅበረሰብ

ሕጉ አንድ የመጨረሻ በር ይከፍታል። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች፣ የማኅበረሰብ ድርጅት ወይም የሃይማኖት ተቋም በቦርዱ ላይ በበቂ ሁኔታ አልተወከልንም ብለው ካመኑ ውክልና እንዲሰጣቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ድርጅቱም ጥያቄውን የሚያስተናግድበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል።

ይህ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ በሚኖርበት የዋሽንግተን አካባቢም የሚሠራ መብት ነው። በዋና ከተማዋ በ1962 የተቋቋመው ዩናይትድ ፕላኒንግ ኦርጋናይዜሽን፣ በሜሪላንድ ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ መስተዳድር አካል የሆነው ድርጅት ይህን ሥራ ይሠራሉ። በዋሽንግተን በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት አገልግሎት እንዲሰጥባቸው ካደረጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ቅጹ በአማርኛ መተርጎሙ ግን ቅጹ ምን እንዲጠይቅ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም። ያ ሥልጣን ያለው ቦርዱ ዘንድ ነው፤ ወደ ቦርዱ የሚገባውም በምርጫው የተወዳደረ ወይም ውክልና ይገባኛል ብሎ የጠየቀ ነው።